ግብር ይጣልብን ብለን የለመንንበት ሰኔ

ስለ ደርግ ዘመን ጻፊ ስባል ሰው ከእኔ የሚጠብቀው ይገባኛል። እስር፣ ሰልፍ፣ የቀበሌ ጥበቃ፣ የስኳር ወረፋ። ሁሉም ነበር፤ የጻፉትም ብዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹም በደንብ ጽፈዋል። እኔ ግን ያ ዘመን ሲነሣ ልቤ የሚዘልለው በሌላ ነገር ነው። ዕድሜ ልኩን ከግብር ሲሸሽ የኖረው ልብስ ሰፊ አባቴ፣ አሰላ ላይ በሰኔ ዝናብ «እባካችሁ ግብር ጣሉብኝ» እያለ ሲሮጥ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤአለሁ፣ ጥቂት አገርም ዞሬአለሁ። እንደዚያ ሳምንት ያጣደፈኝና ያስደሰተኝ ነገር ግን አላጋጠመኝም።

ሱቃችን ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ ረድፍ ላይ ነበር። በግራችን ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ፣ በቀኛችን ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ፣ ከሁለቱ የስፌት መኪናዎች በአንደኛዋ ላይ ተቀምጬ ሱሪ እሰፋ ነበር። በሌላዋ አባቴ ይሠራል። እናቴ ቤት ሆና የአዝራር ቀዳዳና ዝምዝማት ትሠራለች። በቀን ስንት እንደሚገባ የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር፤ ወይም እኛ እንደዚያ ይመስለን ነበር።

በዚያ ረድፍ የታወቀ አንድ ልማድ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ የግምት ኮሚቴ ይመጣል። ትንሽ ነጋዴ የሂሳብ መዝገብ ስለማይዝ ኮሚቴው ሱቁን በዓይኑ አይቶ የቀን ገቢውን ይገምታል፤ የዓመቱ ግብር የሚወጣው ከዚያች ግምት ነው። ስለዚህ የግምት ሰሞን ረድፉ በሙሉ ይደኸያል። ሐጂ ጥሩ ጥሩውን ጣቃ ቤታቸው ያስገቡና መደርደሪያው ላይ አቡጀዲ ብቻ ያስቀራሉ። ጎሚስታው ጎማዎቹን ከደጃፉ ጠራርጎ ያነሣና አንዲት የተቀዳደደች የጎማ ከመነዳሪ ጭኑ ላይ አድርጎ እንደታመመ ልጅ ይደባብሳታል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ኮሚቴውም ያውቃል። እሱም በበኩሉ ካየው ላይ ጨመር አድርጎ ይገምታል፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አልበደለም። ይህን ውሸት ነው የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ትያትር ነው እላለሁ፣ ያውም ተመልካቹም ድርሻውን አጥንቶ የሚመጣበት።

አባቴ ግን በዚህ ነገር ልክ አያውቅም። ያን ዓመት ሁለቱን መኪናዎች በጋሪ አስጭኖ ጎሚስታው ጓሮ ጎማ ስር ደበቃቸው። ካውያው፣ መቀሱ፣ መስተዋቱ ሁሉ ወደ ቤት ተላከ። ታፔላውን ሳይቀር ከበሩ አናት አወረደ። ከዚያም የሟች አያቴን ካፖርት ለብሶ ባዶው ክፍል ውስጥ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ኮሚቴው አንገቱን አስግጎ አየ፣ አንድ ነገር ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ሄደ።

የዚያ ዓመት የግብር ማስታወቂያ ወረቀት ለሁሉም ሲመጣ ለእኛ አልመጣም። አባቴ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ለብዙ ሳምንት ግን መኪናው ላይ ሆኖ ሲያፏጭ እሰማው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ የመንግሥት ማሠልጠኛ ለሠልጣኞቹ ሰማያዊ ቱታ እንድንሰፋ አዘዘን። የአባቴ የዕድሜው ትልቁ ሥራ ነበር። ሲዋዋሉ ያሳየው ክሊራንስ፣ ግብር መክፈሉን የሚመሰክረው ወረቀት ማለቴ ነው፣ ያለፈው ዓመት ነበር፤ ጊዜው ሊያልፍ ትንሽ ቀርቶታል፣ ግን አላለፈም። ጨርቁን ሐጂ በዱቤ ሰጡን። እሳቸውም ከአዳማ በዱቤ ነው ያመጡት። አባቴ ለሐጂ በሽማግሌ ፊት ቃል ገባ፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልከፈለ ሁለቱን መኪናዎች ያስረክባል። መኪናዎቹ ከሄዱ አባቴ ልብስ ሰፊ አይደለም፤ እኔም ምንም አይደለሁም።

ሰፋን። ሰፍተን አስረከብን፤ ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የማሠልጠኛው ገንዘብ ያዥ፣ ረጋ ያለች ሴትዮ፣ ቱታውን አገላብጣ አይታ ወረቀታችንን ተቀበለችና ቅንድቧን አነሣች።

«ጓድ፣ ክሊራንስዎ እኮ ጊዜው አልፎበታል።»

«ትንሽ ነው ያለፈው» አለ አባቴ፣ ስለ ወተት የሚያወራ ይመስል።

«ቱታው ቆንጆ ነው። ገንዘቡም አለ፣ ደስ ብሎኝ ነው የምከፍልዎ። ያለዚያ ወረቀት ብከፍል ግን ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አዲሱን አውጥተው ይምጡ።»

«መቼ ድረስ?»

«ሰኔ ሠላሳ በጀት ይዘጋል። ያልተከፈለው ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ነው። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ለሚቀጥለው ዓመት ቱታ ነው።»

እሑድ መሃል ላይ ነበር። ሰኞ ጠዋት ገቢ ጽሕፈት ቤት ሲከፈት አባቴና እኔ በር ላይ ነበርን። የተቀበለን ሽማግሌ ገማች ነው፤ ረጅም፣ የሱፍ ቆብ ያደረገ፣ አማርኛው ውስጥ ኦሮምኛው ጣል ጣል የሚል የአርሲ ሰው። ፋይላችንን አወጣ፣ አነበበ፣ አባቴን አየ፣ እንደገና አነበበ።

«ይኼ ሱቅ የለም» አለ።

«እንዴት የለም?»

«ተዘግቷል ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሄደን አየን፤ ታፔላ የለ፣ መኪና የለ፣ ሰው የለ። አንድ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ ብቻ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር።»

አባቴ ጆሮው ቀላ። «እሱ እኮ እኔ ነኝ።»

«ማሎ!» አለ ሽማግሌው፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ። «ታዲያ እኔ ነኝ አትልም ነበር? ‹ባለቤቱ የት ሄደ?› ብዬ ስጠይቅህ ራስህን ነቀነቅህ!»

«አሁን እንዴት ይሁንልኝ? ክሊራንስ ያስፈልገኛል።»

«ለተዘጋ ሱቅ ምን ክሊራንስ አለ? ምንም ዕዳ የለብህም። ደስ ይበልህ።»

«ዕዳ ይኑርብኝ!» ብሎ ጮኸ አባቴ። ታይፒስቷ መምታቷን አቆመች። ወረፋ የያዙት ነጋዴዎች በሙሉ ዞረው አዩት። በዚያ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ልመና ተሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። «ግብር ጣሉብኝ! እየሠራሁ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ሠርቻለሁ፣ ይቺውና ልጄ ምስክር ናት!»

ሳቄን ለመያዝ የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ። ያፈርኩ መስሎት አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሽማግሌው ግን አልሳቀም። ነገሩን ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ሱቁ እንደገና መከፈት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ በዓይን መታየት አለበት። ከታየ በኋላ ይገመታል፤ ከተገመተ በኋላ ያለፈውን ዓመት ግብር ከነቅጣቱ እንከፍላለን፤ ክሊራንስ የሚሰጠን ከዚያ በኋላ ነው።

«የማሠልጠኛው ሰዎች የቱታውን እስኪከፍሉኝ ድረስ እኮ የምከፍለው የለኝም» አለ አባቴ። «እስክከፍል ድረስ ደግሞ አይከፍሉኝም።»

«እሱን ከጎረቤቶችህ ጋር ተነጋገር። እኔ ነገ ጠዋት ለግምት ወደ አርቦዬ እወጣለሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከገባሁ በዚህ ሳምንት አልመለስም። ስወጣ በአንተ በኩል አልፋለሁ። እየሠራህ ካገኘሁህ እወርዳለሁ። ካፖርቱን ካየሁ ግን ሹፌሩን ‹ንዳው› ነው የምለው።»

የሚቀጥለው ቀን የበጀቱ የመጨረሻ ቀን ነበር።

ያን ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሱቅ ውስጥ ሸንጎ ተቀመጥን። ረድፉ ለመደኽየት እንጂ ለመበልጸግ ተሰብስቦ አያውቅም። ችግሩ ደግሞ ገማች የአንዱን ሱቅ ሲገምት ግራና ቀኙን እያመሳከረ መሆኑ ነው። እኛ ሱቅ ሞቅ ብሎ ከታየ የጎሚስታውም የሐጂም ግምት ይወጣል።

«አቦ፣ ክፈት፣ ሥራ፣ እኛ ምን አለን!» አለ ጎሚስታው። «ሀብታም እንዳትሆንብን ብቻ። ትንሽ ሀብታም ሁን።»

«ትንሽ ሀብታም ምን ያህል ነው?» አልኩት።

«አንቺ አንባቢ አይደለሽ? አንቺ ንገሪና።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። «እኔ ገንዘቤን እፈልጋለሁ» አሉ። «ግብሬ እንዲጨምር ግን አልፈልግም። ሁለቱን አስታርቁልኝ።»

ክርክሩ እስኪመሽ ቀጠለ። በመጨረሻ ተስማማን። ሁለቱ መኪናዎች ይሠራሉ። ካውያው ከሰል ተደርጎበት ይጨሳል። ሐጂ አንድ ጣቃ ካኪ ብቻ ያውሱናል፤ አባቴ ውዱ ጋባርዲን ይሁን ያለውን ጎሚስታው «እሱን ካየማ አለቅን» ብሎ አስጣለው። ሬዲዮ እንዳይኖር። ደንበኛ ከሦስት እንዳይበልጥ፣ ከሦስቱ አንዱ የሚነዘንዝ እንዲሆን። ይህን የመጨረሻውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አሁንም ድረስ እኮራበታለሁ።

ጠዋት ታፔላውን ሰቀልን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። እኔ ያለቀ ሱሪ ፈትቼ መልሼ እሰፋለሁ። ጎሚስታው ክንዱን ዘርግቶ የማይገዛውን ኮት እየተለካ «ትከሻው ጠበበኝ» እያለ ገና ስላልተሰፋ ልብስ ይነዘንዛል። አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ እንደ ዕለተ ሠርግ ያምርበት ነበር። ልቤ ከመኪናው ፔዳል ጋር አብሮ ይመታል። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ለመሥራት እንደዚያ አልጓጓሁም።

የገማቹ ላንድሮቨር መጣና ቆመ። ሽማግሌው ከቀበሌው ሰው ጋር ወረደ፣ ጫማውን ደጃፉ ላይ አራገፈ፣ ገባ። መኪናዎቹን አየ። ካኪውን ዳሰሰ። ጎሚስታውን ከእግር እስከ ራሱ አየና «አንተ ኮት ታሰፋለህ?» አለው።

«ሠርግ አለብን» አለ ጎሚስታው።

«በሰኔ?»

ጎሚስታው ክንዱን ይበልጥ ዘረጋ። ሽማግሌው እስክሪብቶውን አወጣ። «እሺ። ባለቤቱ ተገኝቷል። በቀን ስንት ታስገባለህ?»

በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሐጂ ከሱቃቸው ወጥተው ጆሯቸውን ሰጥተዋል። ሁላችንም የምንጠብቀውን እናውቃለን፤ አባቴ እንደማንኛውም ነጋዴ እንደ ቅዱስ ሰው ትክዝ ብሎ አንዲት ቀጭን ቁጥር ይናገራል፣ ሽማግሌው ይጨምርበታል፣ ያልቃል።

አባቴ ደረቱን ነፋ። ዘበኛ መባሉ አድሮም አልወጣለትም ነበር መሰለኝ።

«ሃያ አምስት ብር» አለ።

«አስተግፊሩላህ» አሉ ሐጂ ከደጅ።

«ገደለን!» አለ ጎሚስታው፤ ክንዱ እንደተዘረጋ ነው።

ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ሰውን ገፍቶ ገባ። እናቴ ናት። የሸሚዝ ጥቅል ታቅፋ፣ ነጠላዋ ረጥቦ።

«ስንት አልክ?»

«አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?»

«ሃያ አምስት አልክ? በቀን? የሃያ አምስት ብር ሰው ሚስት ነኝ እኔ?» ጥቅሉን መኪናዬ ላይ ወረወረችው። «የት አለ ታዲያ? ብሩ እኔ ቤት አልገባም! ወይስ ሌላ ቤት አለህ?»

ደጁ በሳቅ ፈረሰ። «ይኼንንስ እኛም አላወቅንም!» አለ ጎሚስታው፣ በመጨረሻ ክንዱን እያወረደ።

«የመንግሥት ሰው ፊት ምን ትያለሽ!» አለ አባቴ።

«አንተ የመንግሥት ሰው ፊት ትዋሻለህ፣ እኔ እናገራለሁ። ጌታዬ፣ አይስሙት። ሰባት ነው። ዝናብ ሲሆን አምስት። የሚሰፋው ሁሉ ለአዝራር ቀዳዳ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው።»

«አሥራ አምስት!» አለ አባቴ።

«ሰባት!»

ሽማግሌው እስክሪብቶውን እንደያዘ አንዴ ወደ እሱ አንዴ ወደ እሷ ይዞራል። «እኔ እዚህ ሥራ ላይ ሸብቻለሁ» አለ። «ባል ሲያሳንስ ሚስት ስታለቅስለት ነው የማውቀው። ባል ሲያገንን ሚስት ስትቀንስ ግን ዛሬ አየሁ። ማሎ፣ እኔ የማንን ልጻፍ?»

ከውጭ ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ።

«ተስማሙና ንገሩኝ» አለ ሽማግሌው። «አርቦዬ ሩቅ ነው።»

አባቴ አሁንም ደረቱን አላወረደም። ሐጂ ገብተው ክንዱን ያዙትና፣ እሳቸው ሹክ ያሉ ይመስላቸዋል እንጂ ሁላችንም እየሰማን፣ «ያ ወንድሜ» አሉት፣ «ዛሬ ለምትከፍለው ግብር ብር የምትለምነው እኛን ነው። ሰባት ካልክ ረድፉ አሁኑኑ ያዋጣልሃል። ሃያ አምስት ካልክ እኔ ራሴ ነገ ግብሬ ሲጨምር ከማን ልበደር? ጠዋት መኪናዎቹን እወስዳለሁ፤ ውሏችን ነው።»

አባቴ ሁለቱን መኪናዎች አየ። እኔን አየ። ከዚያ እናቴን አየ፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችለትም። በሰፈሩ ሁሉ «ድብቅ ሀብታም» እየተባለ የኖረበት ዘመን በዚያች ቅጽበት ፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁት። መደበቅን የወደደው ብር ስላለው አልነበረም፤ መደበቁ ራሱ ብር ያለው ስለሚያስመስለው ነበር። ይህ ዘዴ በገቢ ጽሕፈት ቤቱም ውጭም ካየሁት ብልጠት ሁሉ ይበልጥብኛል፤ አንድ ነገር ተደብቋል ከተባለ ሰው ይፈልገዋል እንጂ መኖሩን አይጠራጠርም።

«እሷ ያለችው ነው» አለ።

ብዙ ኑዛዜ አንብቤአለሁ፣ አንዳንዱ ሁለት ቅጽ ይሞላል። ከዚህ የተሻለ አላነበብኩም።

«ዘጠኝ ብዬ እጽፋለሁ» አለ ሽማግሌው። «ቱታውን መላእክት አልሰፉትም።» ላንድሮቨሩ ኮፈን ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ዝናቡን በክንዱ ከልሎ ጻፈ፣ የቀበሌውን ሰው አስፈረመ፣ ሰጠን፣ ወጣ። ሲሄድ በመስኮት አንገቱን አወጣና እናቴን «እትዬ፣ እርስዎ ኮሚቴ ውስጥ መግባት አለብዎት» አላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ጎሚስታው ቆቡን አውልቆ ረድፉን ዞረ። ቆቡ ሲመለስ ሞልቶ ነበር፤ ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ሁሉንም ቸር አድርጓቸዋል። ገቢ ጽሕፈት ቤት ከፈልን። ማኅተም የሚይዘው ሰው ለምሳ ወጥቶ ሥጋ ቤት ነው ተባለ፤ ሮጬ ሥጋ ቤት ገባሁ፣ ከነክትፎው አስነሣሁት፣ በቅቤ እጁ ማኅተሙን መታልን። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት። ጋሪ ይዘን ወደ ማሠልጠኛው ስንወጣ ፈረሱ ጭቃው ውስጥ ዳክሮ ቆመ። እኔና አባቴ ወርደን ጋሪውን ከኋላ ገፋን። እስከ ጉልበታችን ጭቃ ነን። አባቴ እየገፋ ድንገት ሳቁ መጣ፤ እኔም ያዘኝ፣ ጋሪ ነጂውም ያዘው፤ ፈረሱ ብቻ ነው ቁም ነገረኛ ሆኖ የቀረው።

ገንዘብ ያዥዋ ካዝናዋን ልትቆልፍ ቁልፉን ይዛ ነበር። ጭቃ በጭቃ የሆነ እጄን ከሸሚዜ ውስጥ አውጥቼ ወረቀቱን ስዘረጋላት፣ ላስቲኩን በሁለት ጣቷ ከፈተች፣ ቀኑን አየች፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አደረገች። የቅቤውን አሻራ አይታለች። ካዝናውን መልሳ ከፈተች።

ስንመለስ አባቴ መጀመሪያ የሐጂን ከፈለ፣ ቀጥሎ ቆቡን ሞልቶ ለጎሚስታው መለሰ። ሐጂ ብሩን ኪሳቸው ከትተው መኪናዎቻችንን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጓቸው፤ እሳቸውም ሊወስዷቸው አልፈለጉም ነበር።

ቤት ስንገባ እናቴ ተቀምጣ ቀዳዳ ትሰፋለች። አባቴ ፊቷ ቆመ፣ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። የቀረውን ብር ሁሉ፣ ከዚህ በፊት ጭራሽ አድርጎት በማያውቀው ሁኔታ፣ እፊቷ ያለው ሸሚዝ ላይ አስቀመጠው። እሷ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች። ከብሩ ላይ የተወሰነውን ለየች፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፣ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀች።

«ያ ለምንድን ነው?» አለ አባቴ።

«ለሚመጣው ዓመት ግብር። እንዳትነካው።»

«አንቺስ ከገቢ ጽሕፈት ቤት ባስሽ።»

«እነሱማ» አለች መርፌዋን እየነቀለች፣ «አምነውህ ነበር።»